ቁስቋም፦ እቴጌ ምንትዋብ ወደ ተራራው የወጡት ለፍቅር ነው ወይስ ለመንግሥት?

የደብረ ፀሐይ ጎረቤት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቤቴ ጎንደር፣ ከቁስቋም ተራራ ሥር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። የሚያስቸግረኝ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚነገረው ታሪክ ብዛት ነው። አንዱ አስረጂ እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ ከአንድ ወጣት መስፍን ጋር ስለተዋደዱ፣ የከተማውን ሐሜት ሸሽተው እዚህ ከፍታ ላይ ቤት ሠሩ ይላል። ሌላው ዓለም በቃኝ ብለው መንነው ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከባላገር ቤት ተነሥታ ንግሥት ስለሆነች ቆንጆ ልጅ ተረት ይጀምርና መጨረሻውን ሳይናገር እጁን ለጉርሻ ይዘረጋል። እንግዶቼ «የትኛው ነው እውነቱ?» ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ዓመቶቹን የምታውቁ በእኛ አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ይቀለኛል።

የታሪክ መምህሩ

ጥሩ ጠይቀሃል፣ ወንድሜ። ሦስቱም አስረጂዎች የያዙት ቁራጭ እውነት አለ፤ የማይዋጥልኝ ቁራጩን ሙሉ ታሪክ ማድረጋቸው ነው።

አፄ በካፋ ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም. ነገሡ። ሲሞቱ ወራሹ ኢያሱ ገና ልጅ ነበር። እቴጌዋ የንጉሡን ሞት ወዲያው አላስወሩም፤ የቋራ ዘመዶቻቸው ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ነገሩ ተሸፍኖ ቆየ። ከዚያ ልጁ ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ ነገሠ፤ እናቱም በዚያው በ1723 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ፣ ስመ መንግሥታቸውም ብርሃን ሞገሳ ሆነ። የንጉሥ እናት ሆኖ ከመጋረጃ ጀርባ መምከር በአገራችን የተለመደ ነው። ዘውድ ጭኖ ከንጉሡ ጋር መንገሥ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሁኔታ ከልጃቸው ጋር እስከ 1747፣ ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር ደግሞ እስከ 1761 ዓ.ም. ድረስ በሥልጣን ቆዩ፤ ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል ቀኝ እጃቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ተራራው ልውጣ። በ1725 ዓ.ም. አማጽያን በፋሲል ግቢ ያለውን ቤተ መንግሥት ከበቡት። የከተማው ከፊል ተቃጠለ፤ እናትና ልጅ ከግንቡ ውስጥ ተዘግተው ቆይተው ከጎጃም በመጣ ጦር ተረፉ። ቁስቋም የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ በከተማ መካከል ተከብቦ የነበረ ሰው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከላይ ሁሉን የሚያሳይ ከፍታ መርጦ፣ በግንብ አጥርና በማማ የተከበበ ቤት ሲሠራ «ሐሜት ሸሽቶ ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ ለእኔ ስንፍና ነው። ግቢው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የግብር አዳራሽ አለ፣ መኖሪያ አለ። መንግሥት የሚያስፈልገው ሁሉ አለ ማለት ነው።

ፍቅሩስ? አለ። ምልምል ኢያሱ ይባላል፤ የበካፋ የእህት ልጅ ነው። ከእርሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደዋል፦ ወለተ እስራኤል፣ አስቴርና አልጣሽ። ግን የሦስቱን ልጆች ጋብቻ ተመልከቱ። ወለተ እስራኤል ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳረች፤ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ልጇ ነው። አልጣሽ ለትግራዩ ገዥ ለራስ ሚካኤል ስሑል ልጅ ለወልደ ሐዋርያት ተዳረች። አስቴር ደግሞ በመጨረሻ ራሱን ራስ ሚካኤልን አገባች። ሐሜተኛው የሚያማው ፍቅር ጎጃምንና ትግራይን ከጎንደር ጋር ለማሰር ዋለ።

ቸኩሎ አንባቢ

ረዘመብን መምህር። በአጭሩ ፍቅር ነው ወይስ አይደለም?

የታሪክ መምህሩ

ፍቅር ነው። ግንቡ ግን የቆመው በኖራና በግብር ነው።

ቋረኛው

ስለ ምንትዋብ ሲነሣ ቋራ ካልተጠራ ቅር ይለኛል። የእኛ ልጅ ናት! እኛ ቤት የሚነገረው እንዲህ ነው። አፄ በካፋ ተራ ሰው መስለው፣ ማንነታቸውን ደብቀው አገር ለአገር የመዞር ልማድ ነበራቸው። ዳኛው እንዴት እንደሚፈርድ፣ ባላገሩ ስለ ንጉሡ ምን እንደሚያወራ በገዛ ጆሯቸው መስማት ይወዱ ነበር። አንድ ጊዜ ቋራ ሲደርሱ ንዳድ ያዛቸው። አንድ ባላገር ቤቱ አስገብቶ አስተኛቸው፤ ያስታመመቻቸው ልጁ ነበረች። ዓይናቸውን ሲገልጡ ከፊታቸው የቆመችውን አይተው ልባቸው ተሰረቀ። ጎንደር ሲመለሱ መልክተኛ ላኩባት፤ ባላገሩም ያስተኛው ሕመምተኛ ማን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። እኔ ይህን ተረት ብቻ ነው ብሎ የሚነግረኝን ሰው አልወድም።

የታሪክ መምህሩ

ወንድሜ ቋረኛው፣ ተረቱን አልነካብህም፤ ውብ ነው። የበካፋ ተደብቆ መዞርም በብዙ አፍ የተነገረ ነው። ባላገሩ ላይ ግን እንከራከራለን። ምንትዋብ የደንብያው ደጃዝማች መንበር ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ዘራቸውን ከአፄ ሚናስ ይቆጥሩ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እንዲያውም ቤተሰቡ የፖርቱጋል ደም እንዳለበት ይነገር እንደነበር ጽፏል። እንዲህ ያለች ልጅ ጭድ ላይ ለተኛ መንገደኛ ውኃ ስታቀርብ አትገኝም ማለቴ አይደለም፤ የባላገር ልጅ ግን አልነበረችም። ተረቱ የሚያስቀረው ዋናውን ጉዳይ ነው፦ በካፋ ያገቡት ቆንጆ ሴት ብቻ ሳይሆን አንድ ትልቅ የቋራና የደንብያ ቤተ ዘመድ ነው። በ1723 ዓ.ም. ሞቱን ደብቆ ዙፋኑን የጠበቀው ያ ዘመድ ነው።

ሌላም ተረት አለ፤ ከዚህኛው የባሰ ብልኅ ነው። ለበካፋ «ከአንተ በኋላ ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል ሴት ትገዛለች» ተብሎ ትንቢት ተነገራቸው። ንጉሡም ስሟን የያዘችውን ሁሉ በክፉ ዓይን ማየት ጀመሩ። የእቴጌዋ የክርስትና ስም ደግሞ ያው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር፤ እርሳቸውም ስሙን ደብቀው ኖሩ ይባላል። ትንቢቱ ከተፈጸመ በኋላ የተቀናበረ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም አቀናባሪው ሴትዮዋን በደንብ ያውቃቸዋል፤ ዝም ብለው መጠበቅ የሚችሉ ሰው ነበሩ።

ሳባ ከፒያሳ

ቋረኛው፣ ከእናንተ አገር የወጣው ሌላኛው ጀግና አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. እንዳቃጠሉ አትርሳ። ምንትዋብ ሠራች፣ ቴዎድሮስ አቃጠለ፤ ሁለቱም የቋራ ልጆች። በየትኛው ልትኮራ ነው?

ቋረኛው

በሁለቱም። ምን ላድርግ?

ደብተራ ዘላይ ቤት

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ። ሁላችሁም ስለ ቤተ መንግሥቱ ታወራላችሁ፤ የቦታው ስም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያም መሆኑን ግን ማንም አላነሣም። ቁስቋም በግብፅ ያለች ተራራ ናት። እመቤታችን ልጇን ይዛ፣ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ከሄሮድስ ስትሸሽ ያረፈችባት ናት፤ እስካሁንም በዚያ ገዳም አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጾመ ጽጌን የምንጾመው፣ ማኅሌተ ጽጌን የምንቆመው ያንን ስደት እያሰብን ነው። ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ነው፤ በዚህም ደብር በዓመት ንግሡ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ከተከበበ ግንብ ከልጇ ጋር የተረፈች እናት ቤተ ክርስቲያን ልትሠራ ስትነሣ፣ ልጇን ይዛ የሸሸች እናት ያረፈችበትን ቦታ ስም ሰጠችው። መምህር የጦሩን ምክንያት ነገሩን፤ ሐሜተኛው የፍቅሩን ነገረን። ይህኛው ምክንያት ግን በየዓመቱ ይዜማል፤ ማንም መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም።

እቴጌዋ ደብሩን ያለ መተዳደሪያ አልተዉትም። ለካህናቱና ለደብተሮቹ ጉልት ሰጡ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ስጦታ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፣ ከነውግዘቱ። መሬቱን የነጠቀ በአባቶች ቃል የተወገዘ ይሁን ይላል። ምናኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጎጆና አንድ ዳዊት በበቃቸው ነበር።

የታሪክ መምህሩ

የኔታ፣ በዚህ ላይ እጄን አነሣለሁ። የጉልቱ ጉዳይ ወሳኝ ነው። ደብሩ መሬት ሲኖረው የእቴጌዋ ሰዎች ቀለብ፣ ሊቃውንቱ ቋሚ ደመወዝ፣ የቋራ ቤተ ዘመድም በየአውራጃው እጅ ነበረው ማለት ነው። ቁስቋም የጸሎት ቤት የመሆኑን ያህል ግምጃ ቤትም ነበር።

አንዲት እናት

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኑት ይባላል። ድርቡሽ ሊያቃጥል ሲመጣ መንጋው ወጥቶ አባረረው ይላሉ፤ እኔም ከእናቴ የሰማሁት ነው። ቁስቋምንስ ለምን ንብ አልመጣላትም? ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም።

ደብተራ ዘላይ ቤት

እናቴ፣ ጥያቄዎን የኔ አባት ቢሰሙ «ለእመቤታችን ደብር ያልተላከ ንብ ለምን ለሥላሴ እንደተላከ የላከውን ጠይቁ» ይሉ ነበር። ከድፍረት አይቆጠርብኝ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የአቡ አንጋ ድርቡሾች የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውኃ ላይ አሸንፈው ጎንደር ገቡ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፣ የማረኩትን ሕዝብ ነዱ። የጥንቱ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በዚያ ጊዜ ጠፋ። ዛሬ የምንቀድስበት ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ከአርባ አራቱ ታቦት ብዙዎቹ እንዲሁ ከአመድ የተነሡ ናቸው።

አንዲት እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔታ። መልስ አልሰጡኝም፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ኖራና ድንጋይ

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ የድሮ ግንብ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። ስለ እሳቱ ከእኔ ሙያ አንጻር ልጨምር። ድንጋይ አይቃጠልም። ታዲያ ቁስቋም ለምን ፈረሰ? የጎንደር ግንብ ከውጭ ሲታይ ድንጋይ ብቻ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ፎቁን የተሸከመው እንጨት ነው። የበሩና የመስኮቱ ራስም ብዙ ጊዜ የእንጨት ወራጅ አለበት። እሳት ሲገባ ጣሪያውና ወለሉ ይወድቃል፣ ወራጁ ይከስላል። ያን ጊዜ ግድግዳው አይፈርስም። ፈረሳው የሚጀምረው በቀጣዩ ክረምት ነው። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ከአናቱ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃው በመካከሉ ያለውን ልል ሙሌት አጥቦ ያወጣዋል። የከሰለው ወራጅ ሲበሰብስ ከበላዩ ያለው ድንጋይ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ሾላና ዋርካ በስንጥቁ ይበቅላሉ፤ ሥራቸው ድንጋዩን ይገፋል። አሁን የምታዩት ፍርስራሽ ብዙው የድርቡሽ ሳይሆን የዝናብ ሥራ ነው።

ወደ አዳራሹ ስትገቡ ጥቁሩን ድንጋይና ቀዩን ድንጋይ ለይታችሁ እዩ። ጥቁሩ ጠንካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሸክሙን የተሸከመው እርሱ ነው። ቀዩ ለስላሳ ስለሆነ ለጠርዝና ለጌጥ ውሏል፤ መስቀሎቹና የአንበሳና የዝሆን ቅርጾቹ የተቀረጹት በለስላሳው ነው። ስለዚህም ቶሎ የሚያልቀው ጌጡ ነው።

ስለ እንቁላሉ ደግሞ አንድ ጊዜ ተናግሬ ልረፍ። «ግንቡ በኖራና በእንቁላል ነው የተገነባው» የሚለው ወሬ በየቦታው ይነገራል። ኖራ ተቃጥሎ፣ በውኃ በርዶ፣ ቆይቶ ከአሸዋ ጋር ሲቦካ ራሱን የቻለ ማያያዣ ነው። አየር ውስጥ ካለው ጋዝ ጋር ተዋሕዶ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ግድግዳ በእንቁላል ለማቡካት የደንብያ ዶሮ በሙሉ ብትሰለፍ አትበቃም።

ሳባ ከፒያሳ

ለመሆኑ ገንቢዎቹ እነማን ነበሩ? ፖርቱጋሎች ናቸው የሚለውን ሰምቼ ሰልችቶኛል።

ኖራና ድንጋይ

እኔንም። ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ያባረሩ ንጉሥ ናቸው። ከዚያ በፊት የገባ የግንባታ ዕውቀት የለም አልልም፤ ኖራውም ከአባታቸው ከሱስንዮስ ዘመን ጋር ይያያዛል። የድንጋይ ጠራቢውና የአናጺው እጅ ግን የአገር ሰው እጅ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ቤተ እስራኤሎች ዋነኞቹ ነበሩ። በግንበኝነት፣ በአናጺነትና በብረት ሥራ ነገሥታቱን ለብዙ ትውልድ አገልግለዋል። ስማቸው ግን በግንቡ ላይ የለም፤ የንጉሡ ስም እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የሚያበሳጨኝ ጉዳይ ነው። በጣሊያን ዘመን በከተማው ግንቦች ላይ ሲሚንቶ ተጠቅመው ጠገኑ። የድሮ ግንብን በሲሚንቶ መለሰን ትኩስ እንጀራን በላስቲክ እንደ መሸፈን ነው፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ያበላሻል። ሲሚንቶው ከለስላሳው ቀይ ድንጋይ ስለሚጠነክር ድንጋዩ እየተፈረፈረ ሲሚንቶው ብቻውን ይቀራል። በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን እየፈነቀሉ በኖራ መተካት ግድ ሆኖባቸዋል። አሁንም «ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት» የሚል አይጠፋም። እባካችሁ አታድርጉ።

የደብረ ፀሐይ ጎረቤት

ጋሼ ኖራ፣ ይህን ለእንግዶቼ በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ሌላ ጥያቄ አለኝ። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል በመስታወት ሣጥን ውስጥ አጽም ያሳያሉ። የእቴጌዋ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ነው ይባላል። እንግዶች ፎቶ ማንሣት ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ዓይኔን የት እንደማደርግ ይጠፋኛል። ስለ ኢዮአስ አሟሟት የምታውቁ ንገሩኝ።

የታሪክ መምህሩ

የዚህ ቤት መራራ ምዕራፍ እርሱ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ዳግማዊ ኢያሱ ያገባት ውቢት የምትባል የወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ ነበረች፤ በክርስትና ስሟ ቤርሳቤህ ተብላለች። ልጇ ኢዮአስ በ1747 ዓ.ም. በሕፃንነቱ ሲነግሥ አያቱ ምንትዋብ ሞግዚትነቱን ለቋራ ዘመዶቻቸው ያዙ፤ እናቱ ደግሞ የራሷን ወገኖች ወደ ጎንደር አመጣች። አንድ ሕፃን ንጉሥ፣ ሁለት እናቶች፣ ሁለት ጦር። ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት እያሉ ሚዛኑ ተጠብቆ ነበር፤ በ1759 ዓ.ም. ሲሞቱ ተሰበረ። ይህ ሽኩቻ ነው ራስ ሚካኤል ስሑልን ከትግራይ ወደ ጎንደር ያመጣው። ሚካኤል የእቴጌዋ ልጅ የአልጣሽ ባል አባት መሆናቸውን አስታውሱ፤ ዘመድ ናቸው። መጡ፣ ጸጥታ አስከበሩ፣ አልሄዱም። በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን በሻሽ አሳንቀው አስገደሉ። ዘመነ መሳፍንትን ከዚያች ቀን የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው።

ብሩስ እንደጻፈው የወጣቱ ንጉሥ ሬሳ መጀመሪያ በጎንደር ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን በስውር ተቀበረ። እቴጌዋ ከዚያ ወዲያ በቁስቋም ከትመው ከከተማው ፖለቲካ ራቁ። «መንነው ነው» የሚለው አስረጂ የያዘው ቁራጭ ይህ ነው። ግን ምናኔው በፈቃድ አልነበረም፤ ልጃቸውን ቀብረው፣ የልጅ ልጃቸው ተገድሎ፣ ገዳዩ የሴት ልጃቸው ባል ሆኖ ነው።

ስለ ሣጥኑ የእኔ አስተያየት ፎቶ አታስነሣ ነው። የአጽሙን ማንነት የሚመሰክረው የደብሩ ትውፊት ነው፤ ትውፊቱ ልክ ቢሆን የምናየው የተገደለ ልጅ ነው፤ ልክ ባይሆንም የአንድ ሰው አጽም ነው።

ሳባ ከፒያሳ

እስማማለሁ። በቡና ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ሥዕል ሲያሳዩት ያናድደኛል።

ደጋው ተማሪ

ቆይ፣ ብሩስ እዚያ ቤት ምን ይሠራ ነበር? የዓባይን ምንጭ ሊፈልግ የመጣ ሰው አልነበረም?

የጎርጎራ ልጅ

ይህን ለእኔ ተዉልኝ፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው።

ብሩስ ጎንደር የደረሰው በ1762 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ በቁስቋም ግቢም የቤተሰቡ ልጆች ታመሙ። ፈረንጅ ሐኪም ነው ሲባል ወደ ግቢው ተጠራ። ያደረገው ነገር ቀላል ነበር፦ የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በኮምጣጤ አሳጠበ። እርሱ መድኃኒት ከመስጠት ይልቅ አየር አስገባ ማለት ይቻላል። ከእቴጌዋና ከወይዘሮ አስቴር ጋር የተወዳጀው በዚህ ነው። ቁስቋም መኖሪያው ሆነች፤ ከዚያ እየተነሣ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደረሰ። አብሮት የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ግን ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ።

አሁን የምወደው። ብሩስ ገና ምንጩን ሳያይ፣ ሊያየው እንደሚፈልግ ለእቴጌዋ ሲያወራ የመለሱለትን ጽፎታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንተ ከኢየሩሳሌም በኩል መጥተህ፣ በክፉ ገዥዎች አገር አልፈህ፣ አንድ ወንዝና አንድ ረግረግ ለማየት ይህን ሁሉ ትደክማለህ፤ እኔ የነገሥታት እናት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ አገር ዙፋን ላይ የተቀመጥሁት ግን ምኞቴ ሁሉ ኢየሩሳሌም ደርሼ፣ ቀሪ ዘመኔን በልመና አድሬ፣ የጌታ መቃብር ካለበት ቤተ ክርስቲያን በር ትይዩ መንገድ ላይ እንኳ ብቀበር ነው። ፈረንጁ ተገርሞ ጻፈው። እኔ ሳነበው የሚታየኝ ግን ሳቃቸው ነው፤ ረግረግ ለማየት ባሕር በተሻገረ ሰው ላይ አንድ የቋራ ሴት የምትስቀው ሳቅ።

ቋረኛው

አላልኳችሁም?

የጎርጎራ ልጅ

ሌላም አለ። ፊታቸውን ማየት የሚፈልግ ሰው ሐይቁን ይሻገር። በጣና ውስጥ በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ በግድግዳው ላይ በእመቤታችንና በልጇ ፊት ተደፍተው ተሥለዋል። ዘውድ የጫነች ሴት ግንባሯን ምድር አስነክታ። የቁስቋም የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በእሳት ስለጠፉ፣ ያ ቤት ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት ናርጋን ማየት ይረዳል።

የታሪክ መምህሩ

ጥሩ ብለሃል። መጻሕፍቱንም አንርሳ። አፄ ቴዎድሮስ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን የብራና መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ ለሚያሠሩት መድኃኔ ዓለም ወሰዱ፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ብዙውን ጭነው ሄዱ። ስለዚህ የዚህን ዘመን ጎንደር ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ዛሬ ቪዛ ይጠይቃል። ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል፤ ወደ ጥያቄው ልመለስ።

እቴጌዋ ሚካኤል ወደ ጎንደር ሲመለሱ ወደ ጎጃም ሸሽተው፣ ሚካኤል ሲሸነፉ ወደ ቁስቋም ተመልሰው፣ በ1765 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አረፉ። ኢየሩሳሌምን አላዩም።

ደጋው ተማሪ

የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ አለ ወይስ የፋሲል ግቢ ብቻ ነው? ለክፍል ሥራ ፈልጌው ነው።

የታሪክ መምህሩ

አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የመዘገበው «ፋሲል ግቢ» ሲባል ስምንት ቦታዎችን አንድ ላይ ነው፤ የምንትዋብ ቁስቋም ከስምንቱ አንዱ ነው። ከሌሎቹም ውስጥ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጉዛራና የጎርጎራ ማርያም ግምብ አሉ። ሰዎች ግን በአንዱ ግቢ ትኬት ቆርጠው፣ ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ተራራውን የሚወጣው ጥቂት ነው።

ቸኩሎ አንባቢ

ሁሉንም አነበብሁት፣ ይሁን። ለመውጣት መኪና ይገባል?

የደብረ ፀሐይ ጎረቤት

እስከ ግቢው አቅራቢያ ባጃጅ ይወጣል፤ ከፒያሳ ቅርብ ነው። እግር ያለው ግን በእግሩ ይውጣ፤ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ከተማው ከነግንቦቹ እየተገለጠ ይመጣል። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፤ ግድግዳ ላይ አትውጡ፣ ጋሼ ኖራ እንዳሉት ወራጁ የበሰበሰ ብዙ ነው። የኔታ፣ ለኅዳር 6 ስንት ሰዓት ላይ ብንመጣ ነው የሚሻለው?

ደብተራ ዘላይ ቤት

ማኅሌቱ ከዋዜማው ማታ ይጀምራልና ወረብ መስማት የሚፈልግ ከሌሊቱ ይምጣ፤ ጋቢ ይያዝ፣ ተራራው ላይ ብርድ አለ። ታቦቱን ማየት የሚበቃው ከቅዳሴ በኋላ ይድረስ። ፍርስራሹን ለማየት ያሰበ ግን ያን ቀን ይቅርበት፤ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ከሰው ጀርባ በቀር የሚያየው የለም።